ትራክሳስ ሬቮ 3.3 ከወራት በኋላ፦ የናይትሮ መኪና ጉዳይ የአየር ጉዳይ ነው

በናይትሮ ነዳጅ የምትሠራውንና በሪሞት የምትነዳውን መኪና፣ ትራክሳስ ሬቮ 3.3ን፣ ከፋሲካ ሰሞን ጀምሮ እየነዳኋት ነው። በሐምሌ ሐሩርም በጥር ብርድም ወጥታለች፤ ሞተሯ ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ታጥቦ ተገጥሟል፤ ኩሽኔታዎቿ፣ ፊልትሮዋና የነዳጅ ቱቦዎቿ ተቀይረዋል። ስለዚህ እዚህ የምታነቡት ዕቃው ቤት በገባ ማግስት የሚጻፍ አድናቆት አይደለም። ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው፦ ሞተር ለሚወድ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያስደስት የሪሞት መኪና አላውቅም። መንዳት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ግን አትሆንም። ባትሪ ሞልቶ፣ ነድቶ፣ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ መተኛት የሚፈልግ ኤሌክትሪክ ይግዛ። ዛሬ ብራሽለስ በሚባለው የኤሌክትሪክ ሞተርና ሊፖ በሚባለው የሊቲየም ባትሪ የሚሠሩት መኪኖች ፈጣን ናቸው፣ ጎረቤት አይረብሹም፣ ጥገናቸውም ቀላል ነው። ይህን ሸፍኖ ስለ ናይትሮ መጻፍ አንባቢን ማታለል ይሆናል።

እነዚህ ወራት ያስተማሩኝን በአንድ ቃል አስቀምጥ ብባል አየር እላለሁ። ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ስስ ወይም ወፍራም መሆኑ፣ አየሩ የያዘው አቧራ፣ በማይገባበት ቀዳዳ ሾልኮ የሚገባው አየር፣ ነዳጁን የሚያበላሸው እርጥበት፣ ሞተሩ ከቆመ በኋላ ውስጡን የሚያዝገው አየር። የገጠመኝ ችግር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ እሱ ነው የወሰደኝ።

ለማያውቋት በአጭሩ ላስተዋውቅ። ሬቮ ቴክሳስ የሚገኘው የትራክሳስ ኩባንያ ሥራ ናት። በ2004 እ.ኤ.አ. ስትወጣ ሞተሯ 2.5 ሲሲ ነበር፤ 3.3ቱ በኋላ መጣ። ልኳ 1/10፣ ማለትም የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ፣ ይባል እንጂ በአካል ግዙፍ ናት። አራቱም ጎማዎቿ ይስባሉ። ሞተሯ 3.3 ሲሲ ገደማ የሆነ፣ ባለ ሁለት ምት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው፤ ሰርባቶዮዋ 150 ሚሊ ሊትር ነዳጅ ይይዛል። የእኔ ያገለገለች ናት። ከሻጩ ስቀበላት አካሏ ንጹሕ፣ ሞተሯ ግን የደከመ ነበር፤ ዋጋዋም ይህን ያገናዘበ ስለነበር አልተከራከርኩም።

ከሞተሩ በፊት ስለ አካሏ ሁለት ነገር ልበል፤ ምክንያቱም እነዚህ ሁለቱ እስከ ዛሬ አላሰለቹኝም። አንደኛው ወደ ኋላ መሄዷ ነው። አብዛኞቹ የናይትሮ መኪኖች ወደ ፊት ብቻ ይሄዳሉ፤ አፍንጫቸው አጥር ከነካ ባለቤቱ ሜዳውን አቋርጦ ሄዶ በእጁ ያዞራቸዋል። ሬቮ ለዚህ ሥራ ብቻ የተመደበች፣ ሰርቮ የምትባል ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አላት፤ መቆጣጠሪያው ላይ አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ማርሹን ትለውጣላችሁ። ሰፊ ሜዳ ላይ ለሚነዳ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው አሞርዛተሮቿ ናቸው። እንደ ሌሎቹ ከጎማው ጎን ቆመው አይታዩም፤ ሻሲው ላይ ተጋድመዋል። ጎማው ሲነሳ ቀጭን ዘንግ አንዲት ማጠፊያ ክንድ ይገፋል፤ ክንዷ ደግሞ አሞርዛተሩን ትጫናለች። የክንዷ ቅርፅ የተቀመረው ጎማው ከፍ ባለ ቁጥር የሚገጥመው ተቃውሞ እንዲጨምር ነው። ስለዚህ በጥቃቅን ጉድጓዶች ላይ ለስላሳ ናት፤ ከዝላይ ስትወርድ ደግሞ ሆዷ በቀላሉ መሬት አይመታም። እነዚህን ሁሉ ወራት ከድንጋይ ጋር ስትላተም ከርማ ከዚህ ክፍል የቀየርኩት የአሞርዛተር ዘይቱንና ጥቂት የኳስ መጋጠሚያዎችን ብቻ ነው።

ወደ ሞተሩ እንግባ፤ ምክንያቱም ናይትሮ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ሞተሩን ነው።

እዚህ ሞተር ላይ እሳት የሚረጭ ካንዴላ የለም። በቦታው ግሎው ፕለግ የሚባል፣ ውስጡ የፕላቲነም ሽቦ የተጠመጠመበት ትንሽ ካንዴላ አለ። ሲነሳ ሽቦው በባትሪ ይግላል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ባትሪው ይነቀላል፤ ከዚያ ወዲያ ሽቦውን እንደጋለ የሚያቆየው የእያንዳንዱ ፍንዳታ ሙቀትና ሜታኖል ፕላቲነም ሲነካ የሚፈጠረው ኬሚካላዊ ምላሽ ነው። አሜሪካዊው ሬይ አርደን ይህን ካንዴላ ለገበያ ያቀረበው በ1947 እ.ኤ.አ. ሲሆን መሠረታዊ አሠራሩ እስከ ዛሬ ያው ነው። ፍንዳታው መቼ እንደሚሆን የሚወስን ኤሌክትሪክ ስለሌለ ሰዓቱን የሚቆርጡት የድብልቁ መጠንና ሙቀቱ ናቸው። የናይትሮ ሞተር በአየር ጠባይ የሚለዋወጠው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ሬቮ ላይ ማስነሻው ምቹ ነው፤ በእጅ የሚያዘው ማስነሻ ካንዴላውንም ያግላል፣ ሞተሩንም ያዞራል፤ ገመድ መጎተት የለም።

ነዳጁ የሦስት ነገሮች ድብልቅ ነው፦ ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት። እኔ 20 በመቶ ናይትሮ ያለውን እጠቀማለሁ። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል፤ ሜታኖል 6.4 ገደማ፤ ናይትሮሜቴን ግን 1.7 ገደማ ብቻ፤ ምክንያቱም ኦክስጅኑን በውስጡ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ያችው ትንሽ ሲሊንደር በአንድ ምት ብዙ ነዳጅ ታቃጥላለች። ጉልበቱም ጥማቱም ከዚህ የመጣ ነው፤ ሙሉ ሰርባቶዮ ሩብ ሰዓት ገደማ ቢያስኬድ ነው። ዘይቱ ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚመጣ የተለየ የዘይት ቋት የለም። ይህን አስምሩበት፦ ነዳጅ ሲያንስ ዘይትም አብሮ ያንሳል።

የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ አውሮራ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 18 በመቶ ያህል ያንሳል። አየርና ነዳጅ የሚቀላቅለው ካርቡራተር ይህን አያውቅም፤ የነዳጁን መጠን የሚወስነው መርፌ በተቀመጠበት ልክ ነዳጁን ያፈሳል። አየሩ ስስ፣ ነዳጁ ያው ሲሆን ድብልቁ ነዳጅ ይበዛበታል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሬቮ ወፍራም ነጭ ጭስ እየለቀቀች፣ ነዳጅ ሲሰጣት እየተንተባተበች፣ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጣት፣ ስትቆም እየጠፋች ያስቸገረችው በዚህ ነው። ለዚህ ጥፋቱ የሞተሩ ድካም አልነበረም፤ የቀድሞ ባለቤቷ ዝቅ ባለ አገር ያስተካከላትን መርፌ ይዛ ነበር ወደ ከፍታ የወጣችው።

ማስተካከያው ቅደም ተከተል አለው፤ ቅደም ተከተሉ ካልተጠበቀ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ካቻቢቴ ይዞ መዋል ነው። መጀመሪያ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይሙቅ፤ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የተነካ መርፌ ሲሞቅ ይዋሻል። ቀጥሎ የከፍተኛ ፍጥነቱ መርፌ፤ ወደ ቀኝ ሲጠብቅ ነዳጅ ይቀንሳል፣ ወደ ግራ ሲላላ ይጨምራል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ዙር አሥራ ስድስተኛ በላይ አልነካውም፤ ከነካሁ በኋላ ረጅም መንገድ አስሮጣትና ለውጡን አያለሁ። ሙሉ ነዳጅ ሰጥቼ ስትሄድ ከኋላዋ ቀጭን የጭስ መስመር መታየት አለበት። ጭሱ ከጠፋ ዘይቱም ጠፍቷል ማለት ነው፤ ወዲያው ወደ ግራ። ከዚህ በኋላ ነው የዝቅተኛ ፍጥነቱ መርፌ የሚመጣው። ለእሱ የምጠቀምበት ፈተና ቀላል ነው፦ ሚኒሞ ላይ እያለች ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደውን የነዳጅ ቱቦ በጣቴ ቆንጥጬ እይዛለሁ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይታ ድምፅዋ ትንሽ ከፍ ብሎ ከጠፋች ልክ ናት። ወዲያው ከጠፋች ነዳጅ አንሷታል፤ ብዙ ቆይታ እያንቋረረች ከጠፋች በዝቶባታል። የሚኒሞ ቡሎኑ የመጨረሻ ነው።

የኢንፍራሬድ ሙቀት መለኪያ ሳትገዙ ናይትሮ አትግዙ። ከካንዴላው አጠገብ ስለካ ከ105 እስከ 125 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ እረካለሁ። ከ130 ሲያልፍ ቆሜ ምክንያቱን እፈልጋለሁ። ቁጥሩ ብቻውን ግን ዳኛ አይደለም፤ በጥር ብርድ ላይ ነዳጅ አንሷት እየተቃጠለች ያለች ሞተር እንኳ ጭንቅላቷ ቀዝቅዞ ሊታይ ይችላል። አውሮራ ውስጥ በማለዳና በቀትር መካከል የ15 ዲግሪ ልዩነት የተለመደ ነገር ነው፤ 15 ዲግሪ ማለት የአየሩ ጥግግት በ5 በመቶ ተለወጠ ማለት ነው። ጠዋት ልክ የነበረች ቀትር ላይ ወፍራም ጭስ ብታጨስ አትደንግጡ፤ ከሰዓት በኋላ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቀትር ላይ ያጠበቃችሁትን መርፌ ማላላት አትርሱ። ሞተር የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

ከቁጥር ይልቅ ጆሮዬን እንዳምን ያስተማሩኝ አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ዓመት መካኒክ የነበሩ፣ እዚህም ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ ጋሼ የምላቸው ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር አይተው አያውቁም ነበር። ቆመው ሰሙትና፣ "ነዳጅ ስትለቅላት ወደ ሚኒሞ በስንት ጊዜ ነው የምትወርደው? እሱን ስማ" አሉኝ። ይኸው አነጋገራቸው ከብዙ መመሪያ በልጦብኛል። ጤነኛ ሞተር ነዳጁ ሲለቀቅ ቶሎ ይወርድና ይረጋል። ከፍ ብሎ ቆይቶ፣ ቆይቶ ከወረደ ወይ ነዳጅ አንሶታል፣ ወይ ከሌላ ቦታ አየር እየሳበ ነው።

የእኔ ሁለተኛው ነበር። መርፌውን የትም ባደርገው ሚኒሞው አልረጋ ብሎ አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ይሰምጣል። ያገለገለ ናይትሮ የሚገዛ ሰው ሁሉ ይህን በሽታ ማወቅ አለበት፤ ምክንያቱም ብዙዎች ካርቡራተር ተበላሸ ብለው አዲስ ይገዛሉ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የጥቂት ሳንቲም ጎማ ነው። የነዳጅ ቱቦው ከጊዜ ብዛት ይደርቅና ጫፉ ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል። የሰርባቶዮው ክዳን ላይ ያለው ጎሚኒ ይጠፈጠፋል፤ ነዳጁን ወደ ካርቡራተሩ የሚገፋው ከማርሚታው የሚመጣ ግፊት ስለሆነ ክዳኑ ካልያዘ ነዳጁ በእኩል አይሄድም። ካርቡራተሩ ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበት አንገት ላይ ያለው ቀለበትም ይሞታል፤ የኋላ ክዳኑ ጓርኒሲዮንም እንዲሁ። ሰርባቶዮውን ነቅዬ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ አንዱን ቱቦ ደፍኜ በሌላው ነፋሁበት፤ ከክዳኑ ስር አረፋ ወጣ። ቱቦዎቹን በሙሉ፣ የክዳኑን ጎሚኒና የአንገቱን ቀለበት ቀየርኩ፤ አንገቱንና የኋላ ክዳኑን ደግሞ ሙቀት የሚችል ሲሊኮን በስሱ ቀብቼ ለአንድ ሌሊት አደረቅሁት። በማግስቱ ሚኒሞው ረጋ። አሁን ቱቦ የምቀይረው እስኪሰነጠቅ ጠብቄ አይደለም፤ ሲደርቅ ከተሰማኝ ይበቃል።

ቀጥሎ አቧራ። የዚህን ሞተር አሠራር የተረዳ ሰው ፊልትሮ ላይ አይሰስትም። ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፤ ፒስተኑ ውስጡ የሚመላለስበት ካሚቻ ደግሞ ክሮም የተለበጠ ነሐስ ነው። በትልልቆቹ ሞተሮች ላይ እንደምናውቀው ፒስተኑን የሚከብ ፋሻ የለውም። በምትኩ ካሚቻው ወደ ላይ በጣም በጥቂቱ እየጠበበ ይሄዳል፤ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ይጣበቃል። ሞተሩ ሲሞቅ ነሐሱ ስለሚሰፋ ልኩ ይስተካከላል። መጭመቂያው በዚህች ጥብቀት ላይ ብቻ የቆመ ነው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በካርቡራተሩ ከገባች በደቂቃ ከ30,000 ዙር በላይ በሚሽከረከር ሞተር ውስጥ ካሚቻውን ስትሞርድ ትውላለች። ጥብቀቱ ከሄደ በመርፌ የሚመለስ ነገር የለም።

ለዚህ ነው ሦስት ፊልትሮ እያፈራረቅሁ የምይዘው። ስፖንጁ ደረቅ ከሆነ አቧራ ያሳልፋል፤ በፊልትሮ ዘይት ተነክሮ፣ ዘይቱ እኩል እስኪዳረስ ተጨምቆ መግባት አለበት። ከነዳሁ በኋላ ቀዩን አፈር የተሸከመውን አውጥቼ በሳሙና አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ እነክራለሁ። ፊልትሮው ከካርቡራተሩ አንገት ጋር የሚታሰርበትን ማሰሪያ ከእያንዳንዱ ንጂያ በፊት በጣቴ እፈትሻለሁ፤ ከዝላይ በኋላ ፊልትሮው ወልቆ ሮጣ ከሆነ የዚያን ቀን ትርፍ ሁሉ ያ ደቂቃ ይበላዋል። ካርቡራተሩ ሲፈታም ቀዳዳው በንጹሕ ጨርቅ ሳይደፈን ብሩሽ አላነሳም።

ሬቮን ስገዛት ይህች ጥብቀት አልነበረችም። ካንዴላውን አውጥቼ፣ ከክራንኩ ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ ቮላኖውን፣ በጣቴ ሳዞረው ጫፍ ላይ ምንም ሳይይዘው አለፈ። ፒስተንና ካሚቻ በአንድነት የሚሸጡ ስለሆነ፣ ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር ከሚያገናኘው ዘንግ፣ ከነቢዬላው፣ አዲስ ገዝቼ አስገባሁ። አዲስ ካሚቻ እንደ አዲስ ምጣድ ነው፤ ሳይሟሽ ሥራ አይጀመርበትም። ኩባንያው ለሮዳጅ፣ ማለትም ለዚህ ማሟሻ፣ አምስት ሰርባቶዮ ይመድባል፤ ነዳጁ በርከት ብሎ፣ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ እያደገ። እኔ ታገሥኩና ጨረስኩት። በየመሃሉ ሞተሩን ሳቆም ፒስተኑን ወደ ታች አውርጄ ነው፤ ጠባቡ ቦታ ላይ እንደ ቆመ ከቀዘቀዘ ካሚቻው ይጨብጠዋልና በማግስቱ ማስነሻውንም ቢዬላውንም ያስጨንቃል። ሮዳጅ ላይ የምትለቀው ጥቁር የዘይት ቅሪት ብዙ ነው፤ ጓንት አድርጉ።

አሁን ወደማልደራደርበት ነገር መጣሁ፤ ሞተሩ ከቆመ በኋላ ያሉት አሥር ደቂቃዎች። ሜታኖል ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ የናይትሮ ቅሪት ደግሞ ብረት ይበላል። ነዳጅ ውስጧ እንዳለ የምታድር መኪና በሁለት ሳምንት ኩሽኔታዋ ዝጎ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ቀኑ ሲያበቃ ሰርባቶዮውን አፈሳለሁ፤ ሞተሩን ቱቦው ውስጥ የቀረውን እስኪጨርስ ሚኒሞ ላይ አስነሳዋለሁ፤ ይጠፋል፤ እንደገና አስነሳለሁ፣ ይጠፋል፤ ጠብታ እስክታልቅ። ካንዴላውን አወጣለሁ። ከንጂያ በኋላ ለሞተር የሚደረገውን ዘይት ጥቂት ጠብታ በካንዴላው ቀዳዳ፣ ጥቂት ጠብታ በካርቡራተሩ ጨምሬ ቮላኖውን በእጄ አሽከረክራለሁ። ፒስተኑን ወደ ታች አውርጄ ካንዴላውን እመልሳለሁ። ከዚያ ሻሲውን በብሩሽና በአየር አጸዳለሁ፤ በውሃ አላጥባትም። እጄ በየቡሎኑ ላይ ይዞራል፤ ንዝረቱ ሁሉንም ያላላል፤ ብረት ከብረት የሚገናኝበት ቡሎን ሁሉ ማጥበቂያ ሙጫ ይፈልጋል። የፍሪሲዮኑ ደወል ውስጥ ያሉትን ሁለት ኩሽኔታዎች በጣቴ አዞራለሁ። ከሁሉ ቀድመው የሚሞቱት እነሱ ናቸው፤ ሙቀትም አቧራም አለባቸው። 5 በ11 ሚሊ ሜትር የሆኑ ርካሽ ዕቃዎች ናቸው፤ ሁልጊዜ ጥንድ መለዋወጫ ይኑራችሁ። ሰው ደክሞት "ነገ አደርገዋለሁ" የሚልበት ሰዓት ይህ ነው። የናይትሮ መኪና ዕድሜ የሚለካውም እዚሁ ነው።

ስለ ብርዱ አጭር ልበል። ከበረዶ ነጥብ በታች አልነዳትም፤ ፕላስቲኩ ይሰባበራል። ከዚያ በላይ ባለው ብርድ የሞተሩን ጭንቅላት በፀጉር ማድረቂያ አሙቄ ነው የማስነሳት፤ የቀዘቀዘ ካሚቻ ፒስተኑን ጨምቆ ስለሚይዝ በማስነሻው ማስገደድ ቢዬላውን ያጎብጣል። ጭንቅላቱን በከፊል በፎይል መሸፈን ሙቀቱን ይይዝላታል። መርፌውም በበጋ ካለው መላላት ይፈልጋል፤ ከ30 ዲግሪ ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ አየሩ 9 በመቶ ያህል ይወፍራል።

ወጪው እንዴት ነው? እኔ ባለሁበት ስገዛ አንድ ጋሎን የ20 በመቶ ነዳጅ 40 ዶላር አካባቢ ነበር። ጋሎኑ 3,785 ሚሊ ሊትር ስለሆነ በስሌት 25 ሰርባቶዮ ይሞላል፤ መፍሰሱ ሲታሰብ ትንሽ ያንሳል። ካንዴላ ላይ ቆጥባችሁ ርካሽ አትግዙ። ካንዴላው ሲወጣ ሽቦው የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደህና ናችሁ፤ ከተጣመመ ወይም ከነጣ ነዳጅ አንሷት ነበር ማለት ነው፤ ካንዴላ ከመቀየር በፊት መርፌው ይላላ። ጠቅላላው ሲደመር ከኤሌክትሪክ መኪና ይበልጣል፤ ለእኔ ግን ገንዘቡ ከሰዓቱ ያንሳል። ለአንድ ሰዓት ንጂያ አንድ ሰዓት ጥገና አስባችሁ ግቡበት።

ልጆች ያሏችሁ ይህን በጥንቃቄ አንብቡት። ሜታኖል መርዝ ነው፤ ጥቂቱ እንኳ ከተጠጣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። የናይትሮ ነዳጅ ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም አለው፤ ለልጅ ዓይን ጁስ ነው። ቤታችን ውስጥ የሃይላንድ ጠርሙስ ለሁሉ ነገር ያገለግላል፤ ለዚህ ግን በፍጹም። ነዳጁ ከመጣበት ጋሎን ወደ ራሱ መሙያ ጠርሙስ፣ ከዚያ ወደ መኪናው፤ የቀረውም ክዳኑ ጠብቆ ልጅ በማይደርስበት፣ ከእሳት በራቀ ቦታ። ጋራዥ ውስጥ በሩ ተዘግቶ አይነሳም፤ ጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው። የሜታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል፤ እሳት መያዙን የምታውቁት በሙቀቱ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ደረቅ ሣር ምን እንደሚያደርግ አይተናል፤ በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ማርሻል የተባለው የሰደድ እሳት ቦልደር አውራጃ ውስጥ ከ1,000 በላይ ቤቶች አቃጥሏል። ማርሚታዋ የጋለ መኪና ደረቅ ሣር ውስጥ አላስገባም፤ ንፋስ ባለበት ቀን አልወጣም፤ እሳት ማጥፊያ መኪናዬ ውስጥ አለ። የምነዳው ባለቤቱ በፈቀደልኝ፣ ሣር በሌለው አፈር ላይ ነው።

ሌላው የመቀበያው፣ ማለትም መኪናዋ ላይ ሆኖ ከመቆጣጠሪያው ትእዛዝ የሚቀበለው ዕቃ፣ ባትሪ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ሲያልቅ ይቆማል። ናይትሮ ግን የመቀበያው ባትሪ ሲያልቅ ሞተሩ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ነዳጅ መስጫው በተከፈተበት ከቀረ ማንም አያቆማትም። መቆጣጠሪያው ሲጠፋ ሰርቮውን ወደ ፍሬን የሚያዞረው መከላከያ መስተካከሉን ከእያንዳንዱ ንጂያ በፊት ጎማዋን ከመሬት አንስቼ፣ መቆጣጠሪያውን አጥፍቼ አረጋግጣለሁ። መከላከያው ግን ኤሌክትሪክ ከሌለው አይሠራም። ስለዚህ ካርቡራተሩ ላይ ወደ መዝጊያው የሚስብ ሞላ አስሬያለሁ፤ ባትሪውንም በየንጂያው ሞልቼ ነው የምወጣው።

አውሮፓ ላላችሁ ሌላ ነገር ልጨምር። ከየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2019/1148 ከ16 በመቶ በላይ ናይትሮሜቴን ያለበትን ነዳጅ ያለ ፈቃድ ለግለሰብ መሸጥ ይከለክላል። 16 በመቶው ለእንደዚህ ያለ መኪና ይበቃል፤ መርፌውን ለነዳጁ ማስተካከል ብቻ ነው የሚጠይቀው። አሜሪካ ሠራሽ መመሪያ 20 ወይም 33 በመቶ ስላለ ከጎረቤት አገር በመኪና ለማምጣት አትሞክሩ።

"ለወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ ልላክለት?" ብለው የጠየቁኝ አሉ። ለከፍታው አልፈራም፤ አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ናት፣ የአየር ግፊቷ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል እንጂ መርፌው ሲጠብቅ ይሠራል። ችግሩ ነዳጁ ነው። ሜታኖልና ናይትሮሜቴን የመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ አይገቡም፤ እጅ ላይም፣ ካርጎ ሻንጣም። እዚያው አስተማማኝ የነዳጅ ምንጭ ሳታገኙ መኪናውን ብቻ መላክ ልጁ የማያስነሳው ዕቃ መስጠት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ስጦታ ኤሌክትሪክ ላኩ፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪውን ግን በእጅ ሻንጣ ነው የሚወሰደው፣ አየር መንገዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ያገለገለች ሬቮ ልትገዙ ከሆነ ቦዲዋን አትዩ። ካንዴላውን ለማውጣት ፍቃድ ጠይቁ፤ ሽቦውን እዩ። ከዚያ ካንዴላው እንደወጣ ቮላኖውን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፣ ሻጩ ቀድሞ አሙቆት ከሆነ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ጫፍ ላይ ጠበቅ ብሎ ከያዘ ካሚቻው ደህና ነው። ሳይይዝ ካለፈ የፒስተንና ካሚቻ ዋጋ ከጠየቀው ላይ ቀንሱ። ቮላኖውን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት፤ ከተንቀሳቀሰ የክራንኩ ኩሽኔታ አልቋል። ፊልትሮውን አውጥታችሁ የካርቡራተሩን አንገት ውስጥ በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ላይ አፈር ካለ፣ የቀረው ምንም ያህል ቢያምር፣ ሞተሩን እንደሌለ ቆጥራችሁ ተደራደሩ።